የ12 ልጆች አደራ፦ ለአዲሱ በጎ ፈቃደኛ አሰልጣኝ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሜሪላንድ ነው። የ9 ዓመቱ ልጄ የሚጫወትበት ከ10 ዓመት በታች የመዝናኛ ሊግ ቡድን አሰልጣኝ ጠፋና ክለቡ ከወላጆች ፈቃደኛ ሲጠይቅ እሺ አልኩ። ልጅ ሆኜ የሠፈር ኳስ ተጫውቻለሁ እንጂ አሰልጥኜ አላውቅም። 12 ልጆች አሉን፤ ልምምድ ማክሰኞ ለአንድ ሰዓት ያህል፣ ጨዋታ ቅዳሜ ነው። ኃላፊነቴ እስከ ምን ድረስ ነው? በምንስ ልጠየቅ እችላለሁ? ወላጅ ‹ልጄ ለምን ተቀመጠ?› ቢለኝ ምን እመልሳለሁ? የራሴን ልጅስ እንዴት ልያዘው?»

ምላሽ፦

አሰልጥነው አለማወቅዎ ብዙ አያሳስብዎት። ለ9 ዓመት ልጅ የሚበቃው የኳስ እውቀት በሁለት ምሽት ይጠናል። ከባዱ ሌላው ነው። ማክሰኞ ወላጁ ልጁን ከመኪና አውርዶ «ቻው» ብሎ ሲሄድ አደራ ተቀብለዋል፤ ልጁ ተመልሶ መኪናው ውስጥ እስኪገባ ድረስ ሰውነቱም ክብሩም በእርስዎ እጅ ነው። በቅድሚያ ደኅንነቱ፣ ቀጥሎ መጫወቱ፣ ከዚያ መማሩ፤ ውጤቱ ከሁሉም በኋላ ይመጣል። ሜዳ ላይ ግራ ሲገባዎት ይህን ቅደም ተከተል ያስታውሱ።

ከመጀመሪያው ልምምድ በፊት የሚያልቁ ነገሮች አሉ። ክለቡ የወንጀል ታሪክ ማጣሪያ ቅጽና የሴፍስፖርት (በስፖርት ውስጥ በደልን የሚከላከለው የአሜሪካ ማዕከል) ሥልጠና ሊንክ ይልክልዎታል። ሥልጠናው በየዓመቱ ይታደሳል። ስለ ጭንቅላት ጉዳት ደግሞ ሲዲሲ (የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል) ያዘጋጀው ሄድስ አፕ የተባለ ነጻ የኦንላይን ኮርስ አለ። የአሜሪካ እግር ኳስ ፌዴሬሽን፣ ዩኤስ ሶከር፣ ለ4 ለ 4፣ ለ7 ለ 7፣ ለ9 ለ 9 እና ለ11 ለ 11 ጨዋታ ለየብቻ ግራስሩትስ የሚባል የጀማሪ አሰልጣኞች ኮርስ ይሰጣል፤ የእርስዎ 7 ለ 7 ነው። የ11ዱን አሁን መውሰድ ትርፉ ድካም ነው።

ከሥልጠናው አንዱን ነገር እዚህ ልድገመው፤ በእኛ ሰው ዘንድ ስህተት የሚበዛው እዚያ ላይ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የፌዴራል ሕግ፣ በብሔራዊ የስፖርት አካላት ሥር ባሉ ክለቦች ከልጆች ጋር እንዲሠራ የተፈቀደለት አዋቂ በልጅ ላይ ጥቃት መድረሱን የሚያጠራጥር ነገር ካወቀ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያሳውቅ ያዛል። የሜሪላንድ ሕግ ደግሞ ከዚያም ይሰፋል፤ አሰልጣኝም ሆነ ጎረቤት፣ ልጅ መጎዳቱን የሚያምንበት ምክንያት ያለው ሰው ሁሉ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ማስረጃ ማሰባሰብ፣ ልጁን ደጋግሞ መጠየቅ፣ የተጠረጠረውን ሰው ጠርቶ ማነጋገር የእርስዎ ሥራ አይደለም፤ እንዲያውም ምርመራውን ያበላሻል። «የቤተሰብ ጉዳይ ነው፣ በሽማግሌ ይለቅ» የሚል ሰው ይመጣል። አይስሙት። ለካውንቲው የሕፃናት ጥበቃ ክፍል ወይም ለፖሊስ ይደውሉ፣ ቀጥሎ ለክለቡ ይንገሩ። ለክለቡ ብቻ መንገር ግዴታውን ከእርስዎ ላይ አያወርድም።

ከልጅ ጋር ብቻዎን አይሁኑ። የሴፍስፖርት ደንብ ፍሬ ነገር፣ አሰልጣኝና ልጅ ያሉበትን ቦታ ሌላ ሰው ሊያየውና ሊደርስበት ይገባል የሚል ነው። አገር ቤት «ዝናብ ነው፣ ግባ ላድርስህ» ማለት ደግነት ነው። እዚህ ግን የሰው ልጅ ብቻውን መጫን ወላጁ አስቀድሞ በጽሑፍ ካልፈቀደ ደንብ መጣስ ነው። የኢንሹራንስ ጣጣም አለበት። የ1997ቱ የፌዴራል የበጎ ፈቃደኞች ከለላ ሕግ ለትርፍ ባልተቋቋመ ክለብ ያለ ክፍያ የሚያገለግልን ሰው ከተራ ስህተት ተጠያቂነት ይጠብቀዋል፤ ነገር ግን ከባድ ቸልተኝነትን አይሸፍንም፣ መኪና ሲነዱ የደረሰ ጉዳትንም አይሸፍንም። በምን እጠየቃለሁ ላሉት፣ ከላይ ካለው የማሳወቅ ግዴታ ሌላ፣ ዋናዎቹ እነዚህ ሁለቱ ናቸው፦ ማንም አስተዋይ ሰው የማያደርገውን ማድረግ፣ እና መሪ መጨበጥ።

ወላጅ ቢዘገይስ? የመጨረሻው ልጅ ሳይሄድ ሜዳውን አይለቁም፤ ነገር ግን ሌላ አዋቂ አብሮዎት ይቆያል። ከረዳትዎ ወይም ከአንድ ወላጅ ጋር በየሳምንቱ ተራ ይያዙ። መልእክት ለልጅ በቀጥታ አይጻፍም። የወላጆች ግሩፕ ይክፈቱ፣ ሁሉም ነገር በዚያ ይለፍ።

እጅን በተመለከተ አጭር ነው። ኩርኩም፣ የጆሮ ቁንጥጫ፣ ማጅራት ላይ ቸብ ማድረግ ለቀልድም አይፈቀድም። ስለዘገየ ሜዳ መዞር፣ ስለቀለደ ፑሽ አፕ መሥራትም እንደ ቅጣት አይሰጥም፤ ሴፍስፖርት እንዲህ ያለውን የቅጣት እንቅስቃሴ ከአካላዊ በደል የሚቆጥርበት አለ፤ ያም ባይሆን ሩጫን ቅጣት ያደረገ አሰልጣኝ ሩጫ የሚጠላ ተጫዋች ያፈራል። የሚረብሽ ልጅ ካለ አጠገብዎ ለሁለት ደቂቃ ያቁሙት፣ ኮን እንዲሰበስብ ያድርጉት፣ ከዚያ ይመልሱት። አብዛኛው ረብሻ ተራ ከመጠበቅ የሚመጣ መሰልቸት ነው፤ ጥፋቱ የልምምድ እቅዱ ነው።

አሁን ወደ ሜዳው። ከልጆቹ 15 ደቂቃ ቀድመው ይድረሱ። ሜዳውን በእግር ይዙሩት፦ ጠርሙስ፣ ጉድጓድ፣ ከሣሩ ብቅ ያለ የውኃ መርጫ። የጎሉን ብረት በሁለት እጅ ከላይ ይዘው ወደ ፊት ይግፉት። ከተነሳ መሬት ላይ አልታሰረም ማለት ነው፤ ሊወድቅ ይችላል፣ የወደቀ ጎል ደግሞ ልጅ ገድሎ ያውቃል። ከኋላው ብረት ላይ የአሸዋ ከረጢት ወይም ችካል ካልተደረገ ያንን ጎል አይጠቀሙበት፤ በኮን ይሥሩ። ማንም ልጅ አግዳሚው ላይ አይንጠልጠል።

ስልክዎ ላይ ሁለት ነገር ይኑር። አንደኛው የፓርኩ አድራሻና የሜዳው ቁጥር ነው። ትልልቅ ፓርኮች ብዙ ሜዳና ብዙ በር አላቸው፤ 911 የደወለ ሰው «ፓርኩ ውስጥ ነን» ብቻ ካለ አምቡላንሱ ሲዞር ደቂቃ ይባክናል። ሁለተኛው የልጆቹ የጤና ዝርዝር ነው፦ አስም ያለበት፣ ኢንሄለሩ የት ኪስ እንዳለ፣ አለርጂ ያለበት፣ ኤፒፔኑን (የአለርጂ ድንገተኛ መርፌውን) የሚይዘው ማን እንደሆነ። እግረ መንገዴን፣ ወላጆች ተራ ገብተው መክሰስ ሲያመጡ ቆሎ የሚወድ ቤተሰብ ኦቾሎኒ ያለበት ቆሎ ይዞ ሊመጣ ይችላል። አለርጂ ያለበት ልጅ ካለ አስቀድመው ግሩፑ ላይ ይጻፉ።

የቅልጥም መከላከያ ያላደረገ ልጅ በልምምድም አይጫወትም፤ ካልሲው መከላከያውን ሙሉ በሙሉ ይሸፍነው። የጆሮ ጌጥ ይወልቃል። ፕላስተር ለጥፎ መጫወትን የጨዋታው ሕግ አይቀበልም። ማተብ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንገት ላይ ያለ ክር በሩጫ መሀል በጣት ቢያዝ አደጋ አለው፤ ዳኛም እንዲወልቅ ሊያዝ ይችላል። ቅዳሜ ጠዋት ሜዳ ዳር፣ በሰው ፊት «አውልቀው» ማለት ግን ልጁንም እናቱንም ማሳፈር ነው። ወቅቱ ሳይጀመር ወላጆቹን ያነጋግሩ፣ የሊጉን ኃላፊ ስለ ሃይማኖታዊ ነገሮች ምን እንደሚፈቅድ ይጠይቁ፣ መልሱን ለወላጆቹ ይንገሩ። እርስዎ በእጅዎ አይፍቱት፣ አይቁረጡትም።

ጭንቅላት። በዚህ ዕድሜ ቴስታ የለም። 10 ዓመትና ከዚያ በታች ያሉ ልጆች በልምምድም በጨዋታም ሆን ብለው በጭንቅላት እንዳይመቱ ዩኤስ ሶከር ከ2015 ጀምሮ አግዷል፤ በጨዋታ ላይ ካደረጉት ለተቃራኒው ቡድን ቀጥተኛ ያልሆነ ቅጣት ምት ይሰጣል። ሆኖም ልጆች ይጋጫሉ፣ ይወድቃሉ፣ ኳስ ፊታቸው ላይ ያርፋል። ከዚያ በኋላ ልጁ ከፈዘዘ፣ ራሴን አመመኝ ካለ፣ ከዞረበት፣ ካቅለሸለሸው፣ «ስንት ለስንት ነን?» ብሎ ሁለት ሦስት ጊዜ ከጠየቀ፣ ያለ ምክንያት ካለቀሰ፣ ወዲያውኑ ይወጣል፤ በዚያ ቀን አይመለስም። ደጋግሞ ካስመለሰው፣ እንቅልፍ ከያዘውና መንቃት ካቃተው፣ አንዱ የዓይን ብሌን ከሌላው ከሰፋ፣ 911።

እዚህ ላይ አሰልጣኞችን የሚያሳስቱ ሁለት ሰዎች አሉ። አንዱ ልጁ ነው፤ «ደህና ነኝ» ይላል፣ መጫወት ስለሚፈልግ። ሌላው አባትየው ነው፤ «ምንም አልሆነም፣ ወንድ ልጅ ነው» ይላል። ሁለቱም ሐኪም አይደሉም፣ እርስዎም አይደሉም፤ ለዚህ ነው የሜሪላንድ ሕግ ፈቃድ ያለው የጤና ባለሙያ በጽሑፍ እስኪፈቅድ ልጁ እንዳይመለስ የሚያዘው። የተጎዳው አንጎል ሳያገግም ዳግም ከተመታ ጉዳቱ ከመጀመሪያው የከፋ ይሆናል። አባትየውን አይከራከሩ። «ሕጉ ነው፣ ወረቀቱን ሲያመጡልኝ ደስ ይለኛል» ብለው ለክለቡ በዚያው ማታ ኢሜይል ይላኩ፦ ሰዓቱን፣ የሆነውን፣ ለማን እንደነገሩ።

ነጎድጓድ ከተሰማ ሁሉም ከሜዳ ይወጣል፣ ወደ ሕንጻ ወይም ጣሪያ ወዳለው መኪና። ዛፍ ሥር ወይም የተጠባባቂ ዳስ ሥር መጠለል አይሆንም። ከመጨረሻው ነጎድጓድ 30 ደቂቃ ይቆጠራል፤ በ28ኛው ደቂቃ ዳግም ከጮኸ ከዜሮ ይጀመራል። በሙቀት ጊዜ በየ15 ደቂቃው ውኃ፣ ልጁ ሲጠይቅ ብቻ ሳይሆን።

ስለ ልምምዱ። የሚያስፈልግዎ ለእያንዳንዱ ልጅ ቁጥር 4 ኳስ፣ 20 ገደማ ኮን፣ ባለ ሁለት ቀለም ሰደርያ እና የኳስ መንፊያ ነው። ሠፈር ያደግንበትን ልምምድ ግን አይድገሙት፦ ሜዳ መዞር፣ ከዚያ በአንድ ሰልፍ ቆሞ ተራ በተራ ጎል መምታት። ሒሳቡን ይሥሩት። 12 ልጆች በአንድ ሰልፍ፣ እያንዳንዱ ምት ከነ ኳስ ማምጣቱ 20 ሰከንድ ቢፈጅ፣ ተራው የሚደርሰው በ4 ደቂቃ አንዴ ነው። በ20 ደቂቃ ውስጥ አንድ ልጅ 5 ጊዜ ይመታል፣ የቀረውን ጊዜ ከፊቱ ያለውን ይጎነትላል። 3 ለ 3 በሁለት ትንንሽ ሜዳ ቢያጫውቷቸው ግን ኳስ በየጥቂት ሰከንዱ እግራቸው ሥር ናት።

ዩኤስ ሶከር የሚያስተምረው አካሄድ ጨዋታ፣ ልምምድ፣ ጨዋታ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ልጆች እንደደረሱ 1 ለ 1 ይጀምሩ፣ ሁለት ሲጨመሩ 2 ለ 2፣ እያለ 3 ለ 3 ይሞላል፤ «ሁሉም እስኪመጣ» ተብሎ አይጠበቅም። ለዚህ 25 በ20 ያርድ ሜዳ፣ ሁለት እርምጃ የሚሰፋ የኮን ጎል ይበቃል። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በኋላ ውኃ፣ ከዚያ 20 ደቂቃ አንድ ነገር ብቻ የሚሠራበት ልምምድ፣ ውኃ፣ ከዚያ ቀሪው 6 ለ 6።

ለመሀከለኛው ክፍል አንድ ምሳሌ፤ ከበረኛ ጀምሮ ኳስ ማውጣት። በግማሽ ሜዳ ላይ በረኛና ሦስት ተከላካዮች ከሁለት አጥቂዎች ጋር ይገጥማሉ። ተከላካዮቹ ኳሱን በመሀል መስመሩ ላይ በግራና በቀኝ በቆሙ ሁለት የኮን በሮች በአንዱ ገፍተው ካለፉ ነጥብ ነው፤ አጥቂዎቹ ከነጠቁ ጎል ይመታሉ። በጣም ከቀለላቸው ሦስተኛ አጥቂ ይጨምሩ። ኳስ ሁልጊዜ ከተነጠቀ በሮቹን ያስፉ ወይም አንድ አጥቂ ይቀንሱ። በተመሳሳይ ጊዜ በሌላው ግማሽ ሜዳ ረዳትዎ ይህንኑ ያሠራል። አቁመው ሲያስረዱ ከ30 ሰከንድ አይለፉ፤ ከዚያ ወዲያ የሚሉት ለራስዎ ነው።

አሁን ብዙ አሰልጣኝ የሚጣላበት ጉዳይ፣ ቅያሪ። ጨዋታው 25 ደቂቃ ሁለት ጊዜ ነው፤ ሜዳ ላይ በረኛን ጨምሮ 7 ልጆች አሉ። እያንዳንዱን አጋማሽ በ4 ዙር ይክፈሉት፤ አንዱ ዙር 6 ደቂቃ ከሩብ ይሆናል። 8 ዙር በ7 ቦታ ሲባዛ 56። 12ቱም ከመጡ 8 ልጆች 5 ዙር፣ 4 ልጆች 4 ዙር ይጫወታሉ። 4 ዙር 25 ደቂቃ ነው፣ ማለትም ልክ ግማሽ ጨዋታ፤ ብዙ የመዝናኛ ሊግ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ጊዜ ይኸው ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ እነዚያ 4 ልጆች 5 ዙር ከሚያገኙት ውስጥ ይገባሉ። 10 ልጆች ብቻ ከመጡ 6ቱ 6 ዙር፣ 4ቱ 5 ዙር። በረኛ በየሁለት ዙሩ ይለወጣል፣ በአንድ ጨዋታ አራት ልጅ ማለት ነው፤ የማይፈልግን ልጅ አያስገድዱ፣ የሚወደውንም እዚያው አይትከሉት። 9 ዓመቱ ነው፣ በእግሩም መጫወት አለበት።

ይህን ዓርብ ማታ በወረቀት ይሥሩት፦ ስም ወደ ታች፣ 8 ሳጥን ወደ ጎን። ቅዳሜ ሜዳ ዳር በሆድዎ ሊቀይሩ ከሞከሩ፣ 2 ለ 2 ሲሆን እጅዎ ራሱ ጎበዙን ልጅ አያወጣም። ወረቀቱ የሚጠብቅዎ ከራስዎ ነው። ወላጅ «ልጄ ለምን ተቀመጠ?» ሲልዎት ደግሞ መልስ ፍለጋ አይገቡም፤ «5 ዙር ነበረው፣ ይኸው» ብለው ያሳያሉ። በዚያው ሜዳ ላይ ግን አይደለም። ገና በመጀመሪያው የወላጆች ስብሰባ «ስለ ጨዋታው ቅሬታ ያለው በማግሥቱ ይደውልልኝ» ይበሉ፤ ሌሊቱ ካለፈ ከቅሬታው ግማሹ አብሮት ያልፋል።

ስብሰባው 15 ደቂቃ በቂ ነው። ሦስት ነገር ብቻ ያስተላልፉ፦ ሁሉም እኩል ይጫወታል፤ ከዳር ማበረታታት እንጂ ማዘዝ የለም፤ ዳኛን ማንም አይናገርም። ሁለተኛውን በምሳሌ ያስረዷቸው። በ7 ለ 7 ጨዋታ በረኛው ኳስ ሲይዝ ተቃራኒዎቹ ቢልድ አውት ላይን ከሚባለው መስመር ጀርባ ማፈግፈግ አለባቸው፤ በረኛውም ኳሱን ይወረውራል ወይም መሬት አሳርፎ ያቀብላል እንጂ ከእጁ ለቆ አይለጋም። ማክሰኞ ሙሉ የተለማመዱት ይህንኑ ነው። ቅዳሜ በረኛው ኳሱን ታቅፎ ቀኝ ተከላካዩን እየፈለገ ሳለ አባቱ ከዳር «ጠልዘው!» ይላል። ልጁ አባቱን ያያል፣ እርስዎን ያያል፣ ይለጋዋል። ፊሽካ። ቀጥተኛ ያልሆነ ቅጣት ምት፣ ጎሉ አፋፍ ላይ። አባቱ ደንቡን ስለማያውቅ ዳኛው ላይ ይጮኻል፤ ልጁ ግን የሚያስታውሰው ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ መታዘዝ እንዳቃተው ነው።

ዳኛው ብዙውን ጊዜ 14 ወይም 15 ዓመት የሆነው ተማሪ ነው። ይሳሳታል። እርስዎ እጅዎን ካወናጨፉ ከጀርባዎ ያሉት 20 ወላጆች ፈቃድ አገኙ ማለት ነው፤ በደንቡም በወላጆችዎ ጠባይ ቀድሞ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት። አቤቱታ ካለ በኢሜይል ለሊጉ ይሄዳል። ከጨዋታው በፊት ስሙን ጠይቀው፣ ሲያልቅ በስሙ ያመስግኑት።

በሰፊ ልዩነት ሲመሩ አጥቂዎቹን ወደ ኋላ፣ ተከላካዮቹን ወደ ፊት ያዛውሩ፤ «ከአምስት ቅብብል በኋላ ብቻ ምቱ» ይበሏቸው፣ ግን በጆሯቸው። ከዳር ጮክ ብለው ካሉት ተሸናፊዎቹ ይሰሙታል፣ ስድብ ይሆናል።

የራስዎ ልጅ። ሜዳ ላይ እንደ 12ኛው ልጅ ነው፦ እንደ ሌላው 4 ወይም 5 ዙር፣ አምበልነቱም በተራ። ብዙ አሰልጣኝ አባት አድልዎ እንዳይባል ብሎ ልጁን ከሌላው የበለጠ ይቆጣዋል፤ ያም አድልዎ ነው፣ ወደ ሌላ ጎን ያዘነበለ። በአማርኛ ለእሱ ብቻ ነጥለው አይናገሩ፤ ቋንቋውን የማያውቁት ልጆች ምስጢር እየነገሩት ይመስላቸዋል፣ አማርኛ የሚሰሙት ደግሞ ቁጣውን ይሰማሉ። «አባዬ» ይበልዎት ወይስ «ኮች» እሱ ይምረጥ። ልጅዎን በደንብ ሊያርመው ይችላል ብለው የሚያምኑት ረዳት ካለዎት፣ የልጅዎን ማስተካከያ ለረዳትዎ ይተዉለት፣ የረዳትዎን ልጅ እርስዎ ይያዙ። ጥሩ ይሠራል።

መኪና ውስጥ ስትመለሱ አሰልጣኝነቱ ሜዳው ላይ ቀርቷል። ስለ ጨዋታው እሱ ካነሳ ይስሙት፣ ካላነሳ ምሳ ምን እንደሚፈልግ ይጠይቁት።